ኦረስት ሰካ

አርዲስ ፍሪሰን ረግጣቸው የማታውቃቸውን ሰላሳ የሚያህሉ መደብሮች እንደ ጎረቤት ቤት ታውቃቸው ነበር። መደብሮቹ ከሳስካቱን ከተማ ወጥቶ እስከ ሰሜኑ ጫካ ጥግ ድረስ በሜዳው ላይ ተበትነዋል። ለገበሬው መኖ፣ ዘር፣ ነዳጅና የከብት መድኃኒት ይሸጣሉ። የሁሉም የኮምፒውተር መስመር ቢሯችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ትልቅ ስክሪን ላይ ይታያል። እያንዳንዱ መደብር አንዲት ነጥብ ናት። መስመሩ ደኅና ሲሆን ነጥቧ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ሲቋረጥ ትቀላና ማንቂያው ይጮኻል። የአርዲስ ሥራ እነዚያን ነጥቦች መጠበቅ ነበር። ሌላው ሰው ዓመት ሳይሞላው የሚሸሸው ወንበር ላይ ጸጉሯ እስኪሸብት ተቀምጣለች።

እኔ የድርጅቱ የመስክ ቴክኒሻን ነኝ። አንዷ ነጥብ ቀልታ አልመለስ ስትል መሣሪያዬን በመኪና ጭኜ የምሄደው እኔ ነኝ። አርዲስ መንገድ ላይ እያለሁ ስልክ ትደውልና ገና ያላየሁትን ብልሽት ትነግረኛለች። የሱፍ ፍሬ በጥርሷ እየፈለቀቀች ስለምታወራ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሁልጊዜ ከቃሏ ይቀድማል።

"ሰው በመልኩ ይታወቃል፤ መደብር ግን በሕመሙ ነው" ትላለች።

እውነቷን ነው። የአንዱን ሽቦ አይጥ ትበላዋለች። የአንዱን አንቴና የምዕራብ ነፋስ በመጣ ቁጥር ያዞረዋል። አንዱ ጋ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ውሻ ሙቀት ፍለጋ መሣሪያው ላይ ይተኛና ያፍነዋል፤ እሷም ስልክ ደውላ ሰላም እንኳ ሳትል "ውሻውን አስነሳው" ትላለች። ሰውየው ይደነግጥ ነበር። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ ውሻውን እንዴት አየችው?

ከሁሉም የምትወዳት ግን ቴርኖን ነበር። ቴርኖ ነዋሪዋ አልቆ ሽማግሌ ብቻ የቀረባት መንደር ናት። መደብሩን ብቻውን የሚያስተዳድረው ኦረስት ባራን የሚባል ሰው ነበር። በእኛ አገር በብርድ ወራት ውጭ የቆመ መኪና እንዲነሳልህ ከፈለግህ ሞተሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ሰክተህ ታሞቀዋለህ። ኦረስት ጠዋት መደብሩ ደርሶ ፒክአፑን ከውጭው ሶኬት ጋር ሲሰካው፣ ያ ሶኬትና የመስመሩ መሣሪያ በአንድ አሮጌ ሽቦ ስለሚመገቡ ኃይሉ ለቅጽበት ዝቅ ይልና መሣሪያው ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ነጥቧ ትቀላለች፤ ጥቂት ቆይታ ትመለሳለች።

ይህ ሊጠገን የሚችል ነገር ነበር። አለቃችን ግሬግ ስንት ጊዜ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንላክ ብሏል።

"ተወው" ትለዋለች አርዲስ። "እኔ አውቀዋለሁ።"

ማንቂያው በየማለዳው እንዳይጮኽ ዝም አሰኘችው። አንድን ማንቂያ ዝም የሚያሰኝ ሰው ለተረኛው ምክንያቱን ባጭሩ መጻፍ ደንብ ነው። እሷም የጻፈችው ሁለት ቃል ነበር፦ "ኦረስት ሰካ።" ነጥቧ በቀላች ቁጥር እነዚያ ሁለት ቃላት ከሥሯ ብቅ ይላሉ። ቀስ በቀስ የቢሯችን ሰላምታ ሆኑ። ጠዋት ካፖርታችንን እያወለቅን "ሰካ?" እንላለን። "ሰካ" ትለናለች። ያኔ ቀኑ ደኅና ነው።

ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፤ በስልክ ግን እንደ ድሮ ባልና ሚስት ይነታረኩ ነበር።

"አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬም ጣልከኝ!"

"ታዲያ መኪናዬን ብርድ ይብላት? ባል ቢኖርሽ እንዲህ አትነዘንዢኝም ነበር።"

"ባል ቢኖረኝ እሱም እንዳንተ መስመር ነበር የሚያቋርጥብኝ።"

እየሳቀ ይዘጋዋል። አርዲስ ብቻዋን ነበር የምትኖረው፤ ሐሙስ ሐሙስ ከርሊንግ የሚባለውን የበረዶ ላይ ጨዋታ ከመጫወት በቀር የምትሄድበት የላትም። ከኦረስት ጋር ያወራችበት ቀን ሱፉን ፈጠን ፈጠን አድርጋ ትፈለቅቀው ነበር።

ባለፈው ገና ማግስት ኦረስት ሰዓት አክባሪ ሆነ። ድሮ አንድ ቀን ማልዶ፣ አንድ ቀን አርፍዶ ነበር የሚሰካው። አሁን ግን ውርጭ በጠናበት ቀን ሁሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነጥቧ ትቀላለች።

"ዳሌው እያመመው እንቅልፍ አጥቶ ነው" አለች አርዲስ። ደውላ ስትጠይቀው "እርጅና ሥርዓት አስተማረኝ" ብሎ ሳቀባት።

በየካቲት ትልቁ ውሽንፍር መጣ። መንገዶች ሁሉ ተዘጉ፤ እኔም የትም መሄድ ስላልቻልኩ ቢሮ ነበርኩ። ጠዋት ረፈድ ሲል የአርዲስ ስልክ ጮኸ። የደወሉት ሶንያ ባራን ናቸው፤ የኦረስት ታላቅ እኅት፤ የአርዲስንና የነጥቧን ነገር ከእሱ ይሰሙ ነበር። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ከቴርኖ ወጣ ብሎ ባለው የአባታቸው እርሻ ላይ ይኖሩ ነበር። አርዲስ እጇ ሥራ ላይ ስለነበር ስልኩን ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጋ አነሳችው።

"አርዲስ፣ ኦረስት ትናንት ማታ አልደወለልኝም። ማዕበል ሲመጣ መደብሩ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ግን ሳይደውልልኝ አያድርም። ዛሬም ስልኩ አይነሳም። ጎረቤቴ ድዌይን በትራክተሩ ሄጄ ልየው ይለኛል። ነፋሱ ደግሞ የገዛ እጅን አያሳይም። ምን ልበለው?"

አርዲስ ግድግዳውን አየች። ቴርኖ አረንጓዴ ናት። ከአንድ ሰዓት በፊት ግን ቀልታ ነበር፤ ሁላችንም አይተናል።

"ሰክቷል፣ ሶንያ" አለቻቸው። "ዛሬ ጠዋት ሰክቷል። ቆሞ እየሄደ ነው። መጋዘን ገብቶ ይሆናል ስልኩን ያልሰማው።"

"አይተሽዋል?"

"አሁን አንቺን እንደምሰማሽ።"

ስልኩ ውስጥ የነፋሱ ጩኸት ይሰማ ነበር።

"እንግዲያው ድዌይንን ተወው እለዋለሁ" አሉ። "ልጆች አሉት።"

ማናችንም ብንሆን ያንኑ ነበር የምንላቸው። ነጥቧ ቀልታ ተመልሳለች፤ ከዚያ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

በማግስቱ ነፋሱ ሲተኛ ድዌይን ሄደ። ኦረስትን ሞቶ ያገኘው መጋዘን ውስጥ ከመሰላል ሥር ነው። ዳሌው ተሰብሯል። ሐኪሙ መቼ እንደወደቀ በትክክል ማወቅ አይቻልም አለ፤ ከውሽንፍሩ በፊት በነበረው ማታ ሊሆን ይችላል፣ በማዕበሉ ቀን ጠዋትም ሊሆን ይችላል። ወዲያው ግን አልሞተም። ለብዙ ሰዓት በሕይወት ቆይቷል።

አርዲስ ቀብሩ ላይ አልሄደችም። ከቀብሩ በኋላ ሶንያ ራሳቸው ደወሉላት።

"ጠዋት ተነስቶ፣ መኪናውን ሰክቶ፣ ሱቁን ከፍቶ፣ ሥራው ላይ እንዳለ ነው የሄደው። ሌሊቱን ሙሉ ወድቆ አላደረም። ይሄን የማውቀው አንቺ ስለነገርሽኝ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።"

አርዲስ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዙ ጊዜ እጇን ከላዩ አላነሳችም።

መደብሩ ተዘጋ። ሕንፃው እስኪሸጥ ድረስ የሌባና የእሳት መጠበቂያው እንዲሠራ ተብሎ መብራቱና መስመሩ አልተቆረጠም። የኦረስት ፒክአፕ ቁልፉ ስላልተገኘ እዚያው በር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀኑ ለዘብ አለ፤ ከየጣሪያው ውኃ ተንጠባጠበ። ለሁለት ሳምንት ያህል ቴርኖ እንደ ሞተ ሰው ዓይን ሳትርገበገብ አረንጓዴ ሆና ቆየች።

ብርዱ ሲመለስ ቢሯችን ጄሊን የምትባል አዲስ ልጅ ተቀጥራ ነበር። ኦረስትን አታውቀውም። ገና ካፖርታችንን ሳናወልቅ ከወንበሯ ሆና ጮክ ብላ አነበበች፦

"ቴርኖ ቀላች። ከሥሯ 'ኦረስት ሰካ' ይላል። ኦረስት ማነው?"

አርዲስ አንድ እጇ ካፖርቱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ሆኖ ቆማ ቀረች። ነጥቧ እንደ ወትሮዋ ጥቂት ቆይታ አረንጓዴ ሆነች።

በማግስቱም ቀላች። በሦስተኛው ቀን ብርዱ ረገብ ስላለ አልቀላችም፤ በአራተኛው ውርጩ ሲመለስ ግን እንደገና። ግሬግ ከክፍሉ ወጥቶ እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳውን ተመለከተ።

"አሮጌ ሽቦ ነው" አለ። "ብርድ ሲመጣ ይኮማተራል። ያንን ማስታወሻም አጥፉልኝ፤ ሰው ያስበረግጋል።"

"ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የምትቀላው" አለች አርዲስ። "ሽቦ ሰዓት ያነባል?"

"አርዲስ፣ እባክሽ።"

"ጠየቅኩህ እኮ። ያነባል?"

"ፈቃድሽን ውሰጂና ጥቂት ቀን እረፊ" ብሎ ገባ። ማስታወሻውን ማንም አላጠፋውም።

ከዚያ ወዲህ አርዲስ ከሁላችን ቀድማ እየመጣች ግድግዳው ፊት መቆም ጀመረች። ሱፉን ተወችው። ነጥቧ ስትቀላ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች፤ ስትመለስ ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። አንድ ቀን ወደ ባዶው መደብር ስልክ ስትደውል አገኘኋት። ስልኩ እዚያ በተዘጋው ቤት ውስጥ፣ በመኖ ከረጢቶችና በባዶው ወንበር መካከል ሲጮኽ ይታየኝ ነበር። ጮኸ፣ ጮኸ። አልዘጋችውም።

"ማን እንዲያነሳልሽ ነው?" አልኳት።

"እኔ እንጃ" አለች። "ማንም እንዳያነሳው ይሆናል።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል በዝግታ ነገረችኝ።

"ኮልቢ፣ ወይ አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት እዚያ እየሄደ ይሰካል፤ ወይም እሱ ራሱ ነው።"

"አርዲስ…"

"አትሳቅ።"

"አልሳቅኩም።"

"እሱ ከሆነ፣ ያን ቀንም እሱ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን እሱ ከነበረ ለሶንያ የነገርኳት እውነት ነው፤ ሌሊቱን አልወደቀም፤ ትራክተሩንም ያስቀረሁበት በውሸት አይደለም።"

"እሱም ካልሆነ፣ ሌላ ሰውም ካልሆነስ?"

"የምፈራውስ ያንን ነው" አለች።

ሰው መንፈስ ሲፈራ አይቻለሁ። መንፈስ እንዲኖርለት የሚለምን ሰው ግን ያኔ ነው ያየሁት።

በመጋቢት ግሬግ የቴርኖን መሣሪያ ነቅዬ እንዳመጣ አዘዘኝ። ገዢ ተገኝቷል፤ መስመሩ ይቆረጣል። አርዲስ ይህን ስትሰማ ካፖርቷን አነሳች።

"የት ልትሄጂ ነው?" አላት ግሬግ።

"ፈቃድ ውሰጂ አላልከኝም? ወሰድኩ።"

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሰማዩም ምድሩም ነጭ ስለሆነ መኪናዋ የቆመች ይመስልሃል። አርዲስ በመስኮቱ ታያለች። በየመንደሩ ስናልፍ ከመደብሮቻችን አንዱ ይታያል፤ እሷ ግን ምልክቱን ሳታነብ አታውቀውም። የውሻው መደብር ጋ ስንደርስ አንገቷን አስግጋ ተመለከተች። ውሻው እውነትም በሩ ላይ ተኝቶ ነበር።

"ይቺ ናት መደብሯ?" አለች። "ይቺን ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ሳስታምም የኖርኩት? ታንሳለች እኮ።"

ከዚያ በኋላ ሳንቆም ቴርኖ ገባን።

መደብሩ እስከ መስኮቱ በበረዶ ተቀብሯል። መኪናውን መንገዱ ዳር አቁሜ ሞተሩን ሳጠፋ ጆሮ የሚያም ጸጥታ ሆነ። ፒክአፑ በሩ አጠገብ ቆሟል። አርዲስ ወርዳ መጀመሪያ የተመለከተችው ምድሩን ነው። ነፋሱ የጠረገው በረዶ እንደ ተዘረጋ አንሶላ ነው፤ የሰው ዱካ ይቅርና የጥንቸል እንኳ የለበትም።

"ማንም አልመጣም" አለች በሹክሹክታ።

እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ነበር። የፒክአፑ ጣሪያ፣ መስኮቶቹ፣ የኋላ መጫኛው በረዶ ለብሰዋል። ኮፈኖው ብቻ ባዶ ነው። ጥቁር ብረቱ ረጥቧል፤ ከላዩ ቀጭን እንፋሎት ይነሳል።

አርዲስም አየችው። እስከ ጉልበቷ እየሰመጠች ሄደችና ጓንቷን አውልቃ መዳፏን ኮፈኖው ላይ አሳረፈች። እንደዚያ ሆና ቆየች፤ የታመመ ልጅ ግንባር የምትዳስስ ነበር የምትመስለው።

"ይሞቃል" አለች። "ኮልቢ፣ ይሞቃል። አሁን ያቆመው ነው የሚመስለው።"

እኔም ነካሁት። ቀና ብዬ የመደብሩን መስኮት አየሁ፤ ከውስጥ የሚያየኝ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር።

ከመኪናው አፍንጫ ሥር ገመድ ወጥቶ በረዶው ውስጥ ይገባል። አካፋ አምጥቼ እሱን እየተከተልኩ ቆፈርኩ። ግድግዳው ጋ ስደርስ ገመዱ በቀጥታ ሶኬቱ ላይ እንዳልተሰካ አየሁ። በመካከላቸው ጡጫ የምታህል ክዳን ያላት ሰማያዊ መሰኪያ አለች። ክዳኗን ስከፍተው ውስጧ ትንሽ የሰዓት መዘውር ቀስ እያለ ይዞራል። እንዲህ ያለችውን ብዙ ቤት አይቻለሁ። ሰዓት ትሞላላታለህ፤ ያ ሰዓት ሲደርስ፣ ብርዱ ከጠና፣ ሰው ሳይነካት ራሷ ታበራለች። ብርድ ከሌለ ዝም ትላለች።

ማስረዳት አላስፈለገኝም። አርዲስ ጎንበስ ብላ መዘውሩ የተሞላበትን ሰዓት አነበበች።

"ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል" አለች።

"አዎ።"

"ከገና ወዲህ ሰዓት አክባሪ ሆነ ያልኩት… ይሄ ነው። ያን ቀን የሰካው ይሄ ነው።"

"ምናልባት እኮ ያን ቀን እሱም…"

"ዝም በል ኮልቢ።"

መሰኪያዋ ጆሮ ሰጥተህ ብታዳምጣት ትንሽ ትንሽ ትቆረጥማለች። ሱፍ በጥርሱ የሚፈለቅቅ ሰው ትመስላለች።

መሣሪያውን ለመንቀል አልገባሁም። አርዲስ ቀድማኝ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። "ሶንያ ጋ ውሰደኝ" አለችኝ።

ሶንያ በሩ ላይ ሲያዩን ማን እንደሆንን ሳንነግራቸው አወቁን። አጭር፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው፤ እጃቸው ላይ ዱቄት ነበር። ማዕድ ቤት አስቀምጠው በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ከነመጥበሻው አቀረቡልን።

"መጀመሪያ ብሉ። ከሳስካቱን እስከዚህ በባዶ ሆድ አይመጣም።"

"ሶንያ፣ የምነግርሽ ነገር አለ" አለች አርዲስ።

"አንተ ብላ" አሉኝ እኔን። "እሷ እንደሆነች አትበላም፤ ድምጿ ያስታውቃል።"

አርዲስ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

"ያን ቀን ሰክቷል አልኩሽ። እሱ አልነበረም። ማታውኑ ወድቆ ይሆናል። መኪናው ላይ አንዲት መሰኪያ…"

"ሰማያዊ" አሉ ሶንያ። "ክዳን ያላት።"

ሹካዬን አስቀመጥኩ።

"ለገና የሰጠሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ዳሌው እያመመው በዚያ ብርድ እያጎነበሰ ገመድ ሲፈልግ ይወድቅብኛል ብዬ። 'እኔን ሽማግሌ ልታደርጊኝ ነው' ብሎ ተቆጣኝ። ግን ተጠቀመባት።"

"ታዲያ ስነግርሽ…"

"አወቅኩ። 'ሰክቷል' ስትዪኝ አፍሽ ሳይዘጋ ነው ያወቅኩት። ሰካ ማለት እሱ ማለት እንዳልሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?" ሶንያ ዱቄቱን ከጣታቸው በጣታቸው ይፈገፍጉ ነበር። "ድዌይን እዚህ በር ላይ ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል። ልጆቹ ከወዲያ ማዶ በመስኮት ያዩታል። ከሄደ በዚያ ነፋስ ላይመለስ ይችላል። ካልሄደ ደግሞ… አንድ ቃል ነበር የምፈልገው፤ የሌላ ሰው ቃል። አንቺ ሰጠሽኝ፤ እኔም ተቀበልኩሽ።"

"ከቀብሩ በኋላ ደውለሽ አመሰገንሽኝ።"

"ደጋግሜ ስናገረው አምነዋለሁ ብዬ ነበር።"

ግድግዳው ላይ ሰዓት ይቆጥር ነበር። አርዲስ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

"የገደለው የኔ ቃል ነው" አለች።

"ተይ" አሉ ሶንያ። አልጮኹም፤ ልጅ እንደሚያባብሉ ነው። "ብቻሽን አትሸከሚውም። ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።"

ልንወጣ ስንል በሩ ላይ የአርዲስን ክንድ ያዙ።

"መሰኪያዋን ነቀላችኋት?"

"አልነቀልናትም።"

"እንግዲያው በረዶው እስኪሄድ ተዉልኝ። እዚያ አንድ ነገር የሚሞቅ መኖሩን ማወቅ ይበቃኛል።"

ለግሬግ በሩ በበረዶ ተይዞ አልከፈት አለኝ አልኩት። አጥብቆ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወዲህ ውርጭ ባለበት ጠዋት ሁሉ አርዲስና ሶንያ ስልክ ይደዋወሉ ጀመር። ነጥቧ ቀልታ ስትመለስ ስልኩ ይጮኻል።

"ሰካ?"

"ሰካ።"

ከዚያ ስለ ዳቦ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ድዌይን ልጆች ያወራሉ። ስሙን አያነሱም። አርዲስ ሥራዋን አልተወችም፤ አረንጓዴ ግን አታምንም። አንድ መደብር ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይሆን ከዋለ ደውላ ሰው እስኪያነሳ ትጠብቃለች።

"አርዲስ፣ መስመሩ ደኅና ነው እኮ!" ይላሉ ከወዲያ።

"መስመሩን አይደለም የጠየቅኩህ" ትላለች።

በግንቦት በረዶው ሄደ። ድዌይን ፒክአፑን ጎትቶ ሶንያ ግቢ አስገባው። ሰማያዊዋን መሰኪያ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፤ መሣሪያውንም አወጣሁ። ግድግዳው ላይ የቴርኖ ነጥብ ጠፋች፤ ሌሎቹ ነጥቦች ተጠጋግተው ቦታዋን ሞሉት። ማስታወሻውም አብሮ ጠፋ። በጋውን ስለዚህ ነገር ማንም አላወራም።

በኅዳር የመጀመሪያው ጠንካራ ውርጭ ወደቀ። ካፖርታችንን እያወለቅን ነበር። ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የአርዲስ ስልክ ጮኸ። አነሳችው። የሶንያን ድምፅ ከቆምኩበት ሰማሁት፤ አርጅቷል፤ ከአንድ ቃል በላይም አላሉም።

"ሰካ?"

አርዲስ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ድሮ ቴርኖ የነበረችበት ቦታ ላይ አሁን ያለችው የሌላ መንደር ነጥብ ናት። ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት።

"ሰካ፣ ሶንያ" አለች። "አሁን ነው የሰካው።"

ጄሊን ዞር ብላ አርዲስን አየች፤ ከዚያ ግድግዳውን። ሁሉም አረንጓዴ ነበር።